ጳጉሜ የሌለው ኮምፒዩተር

ሰኔ 9 ቀን 2017፣ ሰኞ

ኮምፒዩተሩ ዛሬ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ነጠብጣቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። አባየ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ስክሪኑን ባያይም የማራገቢያውን ድምፅ ለይተው ያውቁታል።

«ዛሬም አልነቃም?» አሉኝ።

«መብራቱ ደክሞ ነው።»

መብራቱ ደኅና ነበር። ትናንት ወንድሜ አለነ ከፓርኩ፣ ከቡይት ራስ ወርዶ እኛ ዘንድ ዋለ። አስጎብኚ ስለሆነ ስልኩ ኢንተርኔት አያጣም። የእንግዶቹን ፎቶ በኮምፒዩተሩ ልላክ ብሎ ከስልኩ ጋር ሲያገናኘው ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አየና ሳቀ። «እታለም፣ ይኸ ዕቃ እኮ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።» አስተካከለው። እኔ ለቅሶ ቤት ስለነበርሁ ይህን የነገረኝ ኋላ ነው። ስመለስ አፕዴት እየጫነ ከመቶ ሠላሳ ደርሷል። ከሶኬቱ ልነቅለው አስቤ ፈራሁ።

አለነን አልተቆጣሁትም። ቀኑ ለምን እንደዚያ እንደነበረ ነግሬው አላውቅም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ዝናብ። ሱቅ የሚገባ ሰው የለም። ብርድ ልብሱን ሁሉ አጣጥፌ ጨርሻለሁ፤ እንግዲህ ልጻፈው።

አባየ፣ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል፣ ዳባት ላይ ከየኔታ ሰይፈ ሥላሴ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ቅኔ ተምረዋል። ቅኔ አንድ ጊዜ ይባላል፣ በማግሥቱ የሚጠበቀው ሌላ ነው፣ የተባለውን የደገመ ያፍራል። ስለዚህ የየኔታን ማንም አልጻፈውም። አባየ ግን በቃላቸው ያዙት። አብረዋቸው የሰሙት ተራ በተራ አለፉ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሎጅ ዕቃውን ሲለውጥ አለነ ይህን ኮምፒዩተር አመጣልን፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ከኪዳን መልስ፣ ሱቅ ሳልከፍት፣ እሳቸው ይላሉ እኔ እጽፋለሁ። ግእዝ አላውቅም። የሰማሁትን እጽፋለሁ። ሁለት መቶ አርባ ሦስት ደርሰን ሚያዝያ ላይ ጨረስን። የመጨረሻው የኔታ በሞቱበት ዓመት ለፍልሰታ የዘረፉት መወድስ ነው። እሱን የጻፍን ዕለት አባየ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ «አሁን ጭንቅላቴ ይረፍ። አንች ይዘሽልኛል» አሉኝ።

እውነትም አረፈ። ግንቦት ላይ ታመው ከተነሡ ወዲህ ትናንት የበሉትን አያውቁም። የእናቴን መሞት ሁለት ጊዜ አርድቻቸዋለሁ።

ስለ ቀኑ። እያንዳንዱ ቅኔ ከሥሩ የተጻፈበት ቀን ይገባበታል። ኮምፒዩተሩ የሚያስገባው የፈረንጁን ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት አባየ ይህን ሲሰሙ፣ «የኔታን በማን ቀን ነው የምታኖሪያቸው?» አሉ። ያለውን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ገልብጬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁና የኮምፒዩተሩን ቀን በእኛ አደረግሁት፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ሰዓቱን ሳይቀር። ወሩ ሠላሳ አንድ ሲልብኝ በእጄ ወደ አንድ እመልሰዋለሁ። የካቲት ያልሁት ፌብሩዋሪ ሠላሳ አይሞላም። ጳጉሜ ጭራሹን የለውም። በእነዚያ ቀኖች ሳንጽፍ እንውላለን።

ከዚያ ያላሰብሁት ነገር መጣ። ያ እየመጣ ሲጥለን የነበረው አፕዴት ቆመ። ኮምፒዩተሩ በእኛ ዓመት ላይ ሳለ ኢንተርኔቱም አፕዴቱም አይቀበሉትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወደቀም። ለማንም አልተናገርሁም። ብርድ ልብሱንስ ከየት እንደማመጣ ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?

ሰኔ 13

ቀኑን ወደ 2017 መለስሁት። አልጠቀመም። የገባው ገብቷል።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ከጎንደር መምህር ቻላቸው ደወለ። የአባየ ተማሪ ነበር፣ አሁን እሱም ያስተምራል። ማተሚያ ቤት አግኝቷል። «ፍልሰታ ሳያልቅ ፋይሉ ይድረሰኝ፤ ለዘመን መለወጫ መጽሐፉን እጃቸው ላይ አኖርላቸዋለሁ» አለኝ። እንዲያው ለጥንቃቄ አሁኑኑ ልላክለት ይሆን ብዬ አባየን ጠየቅኋቸው።

«ፊደሉ ሳይታረም የየኔታ ቃል ከቤት አይወጣም።»

«አንድ ቅጂ ብቻ፣ እሱ ዘንድ የሚቀመጥ…»

«ሐመልማል፣ ሰው ፊት ራቁታቸውን ታቆሚያቸዋለሽ?»

እርማቱ ላይ ስልሳኛው ደርሰናል። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው የተሳሳተውን ፊደል በጣታቸው ጉልበቴ ላይ ይጽፉልኛል። የሚገርመው ቅኔውን ረስተው ፊደሉን አልረሱም።

ሰኔ 24

ሃያ ደቂቃ ቆየ። አራት አረምን። አምስተኛው ላይ ወደቀ፣ አራቱም አልተቀመጡም። አባየ «የት ደረስን?» አሉ። ስልሳ አልኋቸው። «ትናንትስ?» ስልሳ።

ሐምሌ 3

መብራት የለም። ሁለተኛ ቀን።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ገበያ። ጉሙ ከሊማሊሞ አፋፍ ወጥቶ ከተማውን ሞልቶታል፣ ሰው ለሰው በድምፁ ነው የሚተዋወቀው። ኮምፒዩተሩ ላይ ጤዛ እንዳይገባ ከምሸጠው ብርድ ልብስ ደኅናውን አልብሼዋለሁ። አንዲት ደንበኛዬ ከጓዳ አየችውና፣ «ሐመልማል፣ አራስ አለሽ እንዴ?» አለች። ሱቁ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጠዋት አምስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሰማያዊ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር ለምትጠግነው ለየትናየት ወሰድሁት። በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ። ፈታችው፣ አቧራውን ነፋችው፣ ብዙ አላወራችም። ጎበዝ ናት ይሏታል፤ እጇን ሳየው አመንሁ።

«እትየ ሐመልማል፣ ይኸ አፕዴት ለእንዲህ ያለው አሮጌ አይሆንም። ሲስተሙን አጥፍቼ አዲስ ልጫን፣ አፕዴቱንም ልዝጋው። ፋይልዎን አስቀድሜ አወጣዋለሁ።»

«አንዲት ፊደል እንዳትጠፋ።»

«አትጠፋም። ቀኑ ግን የተዘበራረቀ ይመስላል። ነክታችሁታል?»

«አልነካንም። መብራት ሲጠፋ ሲመጣ ይሆናል።»

ለምን እንደዚያ እንዳልሁ አላውቅም። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። አንደኛው ቀኑን ነካክቶ ስልኩን አበላሽቶ መጥቶ ገና መሳቂያ ሆኖ ነበር የቆመው። ቁም ሣጥን ውስጥ የነበረውን ፍላሽም ሰጠኋት። እዚህም ላይ አለ፣ አንድ ላይ አድርጊልኝ አልኋት።

ሐምሌ 10

ዛሬ ጥሩ ቀን ነበር። ከቡይት ራስ ሁለት ሎጆች አብረው መጥተው ወፍራሙን ብርድ ልብስ ጠረጉት። መካከል ላይ የትናየት ደወለች። በአንድ ስም ሁለት ፋይል አለ፣ አንዱ ከኮምፒዩተሩ አንዱ ከፍላሹ፤ «አዲሱን ላስቀር?» አለች። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ እየለካሁ ነበር። «አዲሱን እንጂ፣ አሮጌውን ምን አደርገዋለሁ?» አልኋት።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

መጣ። ሳይንገራገጭ ይነሣል። አባየ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ማራገቢያውን ሰሙና፣ «ጉንፋኑ ለቀቀው» አሉ። ፋይሉን ከፈትሁት፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አለ። ከስልሳ አንድ ቀጠልን፣ ሰባት አረምን፣ አንድ ጊዜ አልወደቀም። ከግንቦት ወዲህ እንደዚህ ቀሎኝ ሱቅ ከፍቼ አላውቅም።

የትናየት ቀኑን 2025 አድርጋዋለች። ተውሁት።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

መቶ ሃምሳ አንድ ላይ አለቀ።

ገጹን ወደ ታች ሳብሁት። ባዶ። ዘግቼ ከፈትሁት። ባዶ። አባየ ጣታቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ቀጥይ እንጂ።»

«ለዛሬ ይበቃናል አባየ፣ ሰው ሱቁ ደጃፍ ቆሟል።»

ማንም አልቆመም ነበር።

ሐምሌ 28፣ ከቀትር በኋላ

ዘጠና ሁለት ቅኔ የለም። የሁለት ዓመት ጠዋት። አፕዴቱ በልቶታል። አፕዴቱ ነው፤ ከወደቀባቸው ቀኖች በአንዱ በልቶት ይሆናል።

ሐምሌ 29

የትናየት ዘንድ ነበርሁ። ደብተሯን ገልጣ አየች፤ ያደረገችውን ሁሉ ትመዘግባለች።

«ሁለት ነበሩ። የፍላሹ 2023 ይላል፣ የኮምፒዩተሩ 2017። 2023 ይቀርባል፤ አዲሱን ብለውኛል፣ እሱን አስቀረሁ። የ2017ቱን ዲስኩን ሳጸዳ አብሬ አጠፋሁት።»

የፍላሹ የዛሬ ሁለት ዓመት የገለበጥሁት ነው፣ በፈረንጁ ቀን። የኮምፒዩተሩ 2017 ደግሞ ዘንድሮ ነው። የእኛ ዘንድሮ።

«እትየ፣ ከስምንት ዓመት በፊት የነበረው ምን ነበር?» አለችኝ።

«እንጃ» አልሁ። ወጣሁ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ፣ ፍልሰታ ገባ

አለነ ወረደ። ምን ሆነ አለኝ። ስትጠግነው ጠፋ አልሁት። ጠፋ ነው ያልሁት፣ አጠፋችው አላልሁም።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

አለነ የትናየት ሱቅ ሄዶ ሰው ፊት ጮኸባት። በኋላ የሰማሁት ከገበያተኛ ነው። አንዱ ጋቢ እያማረጠ ለጓደኛው እንዲህ ይለዋል፦

«የመሪጌታን መጽሐፍ ያጠፋችው ያች ናት አሉ።»

«ስልኬ እሷ ዘንድ ነው እኮ።»

«ቶሎ ውሰዳ።»

ጋቢውን ለካሁለት። ከለካሁት አስረዝሜ ሰጠሁት።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

የትናየት ራሷ መጣች፣ በዝናብ። አልተቀመጠችም።

«እትየ፣ ሁለቱንም ማስቀረት ነበረብኝ። ሌላ ጊዜ ሁለቱንም ነው የማስቀረው። ሦስት ሌሊት እሱን ሳስብ ነው ያደርሁ። ዲስኩን ለአንድ ሌሊት ይስጡኝ፣ ገልብጬው የሚለቀም ካለ ልሞክር።»

ሰጠኋት። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ቀኑን አልነካችሁትም ነበር አይደል?» አለች።

ደንበኛ ገባ። ወደ ደንበኛው ዞርሁ።

ነሐሴ 9

አባየ «ታረመ?» አሉ። እየታረመ ነው አልኋቸው። የመጀመሪያዎቹ ስልሳ እርማትም ከጠፋው ጋር ስለሄደ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ጀምሬ እንደገና አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱን ቀን ጣታቸው ይንቀሳቀስና ይቆማል።

ትንሽ በትንሽ ልጠይቃቸው ሞክሬአለሁ፣ እንደ ጨዋታ። የኔታ ለደብረ ታቦር ያሏት ምን ነበረች? ለጥምቀትስ? ያስባሉ፣ ከንፈራቸው ይጀምራል፣ ከዚያ እንደ እንግዳ ሰው ያናግሩኛል። «አንች ይዘሽው የለም እንዴ?»

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ደብረ ታቦር። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ አልፈዋል። ሙልሙል ሰጠሁ።

የትናየት ከዲስኩ ያገኘችውን አሳየችኝ። ፊደሉ ሁሉ ሣጥን ሣጥን የሆነ ገጽ፣ ከላይ እስከ ታች። አንድ ቦታ ላይ «የኔታ» የሚል ቃል አለ። እሱ ብቻ። አዲሱ ሲስተም የተጫነው በላዩ ስለሆነ ነው አለች። ሁለት ደንበኞቿ ስልካቸውን ወስደውባታል።

አፕዴቱ ባይመጣ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። አለነ ባይነካው አፕዴቱ አይመጣም ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ጻፍሁት?

ነሐሴ 15

መምህር ቻላቸው ደወለ። አላነሣሁም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ፍልሰታ አለቀ፣ ዓርብ ስለዋለ የሚፈታው ነገ ነው። አለነ ለነገ ሥጋ ይዞ መጣ። ከበላን በኋላ ደጅ አወጣሁት።

«ቀኑን የለወጥሁት እኔ ነኝ። በ2015። አፕዴት እንዳይመጣም እንደዚያው ተውሁት። የትናየት ስትጠይቀኝ አልነካንም አልኋት። አዲሱን አስቀሪ ያልኋትም እኔ ነኝ።»

«እኔ ስቄ ነበር የነካሁት» አለ። ቀጥሎ፣ «እታለም፣ እኔ እኮ ሰው ፊት ነው የሰደብኋት።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

ነሐሴ ሦስት አልሁት። ዛሬ አሥራ ስድስት ነው። ቆጠረ፣ ሲቆጥር አየሁት። ሳይሰናበተኝ ወደ ቡይት ራስ ወጣ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ገበያው ሞቅ ሲል ሱቄን ቆልፌ የትናየት ዘንድ ሄድሁ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ጮክ አድርጌ ተናገርሁ። ቀኑን ነክቼ ዋሸኋት፣ ጥፋቷ አይደለም። አንዱ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ስንት ሰው አማናት እኮ» አሉ። የትናየት የያዘችውን ስልክ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ጠበቅኋት። አልወጣችም።

ነሐሴ 25

ለመምህር ቻላቸው ነገርሁት። መቶ ሃምሳ አንዱን ላኪልኝ አለ። ላክሁ። የታረመ ነው፣ አባየ አይቃወሙም ብዬ ለራሴ ነገርሁ። አልጠየቅኋቸውም። «የፍልሰታው መወድስ አለበት?» ብሎ ጠየቀ። የለበትም አልሁት። «ስለሱ ስንት ዓመት ነገሩን» አለ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ፣ ሩፋኤል

ዝናብ ከጠዋት። ሰው ሁሉ ለሩፋኤል ጠበል ብሎ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። አባየ ደጅ አውጭኝ አሉ፣ አወጣኋቸው። ራሳቸው እስኪረጥብ ቆመው ሲመለሱ ፊታቸው የጠራ ነበር። እንደዚህ የሚሆኑበት ቀን አልፎ አልፎ ይመጣል።

«የመጨረሻውን አንብቢልኝ። የየኔታን የፍልሰታ።»

ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ፋይሉን ከፈትሁና የመጀመሪያውን አነበብሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ድምፄን አረጋግቼ። ሰው ሲገበያየኝ ፊቴን ማንበብ አይችልም፤ ሃያ ዓመት የኖርሁበት ነው። አባየ ፊቴን አያዩም። ሁለተኛው የቅኔው ቤት ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ይኸ የመጀመሪያው ነው።»

ሌላ የምከፍተው ፋይል አልነበረኝም።

«ቅኔ አይደገምም፣ ልጄ። የመጨረሻው የት አለ?»

ነገርኋቸው። ከአለነ ሳቅ እስከ የትናየት ጓዳ ድረስ። አንድም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ብቻውን ነበር።

«ቀኑን በእኛ አድርጊ ያለሽ ማነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት።»

«አንድ ቅጂ ሰው ዘንድ ይቀመጥ ብትይኝስ የከለከልሁ?»

«እርስዎ።»

«እንግዲያ ለብቻሽ አታልቅሽ።»

እያለቀስሁ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደገፉና፣ ጥርት ባለው ፊታቸው፣ «እኔማ አንች ይዘሽልኛል ብዬ ለቅቄዋለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ቁጣ የለባቸውም። ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር።

ጳጉሜ 4

ጥሩው ቀን አልፏል። ማን እንደሆንሁ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ጳጉሜ 5፣ ረቡዕ

መብራት የለም፣ ኮምፒዩተሩን አልነካሁትም። ይህን ደብተር ይዤ አባየ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከጠዋት እስከ ቀትር ምንም የለም። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ነበር። አባየ ጉሙን በፊታቸው ተሰማቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ጊሜ ዘደብር…»

ጠበቅሁ። ሌላ አልመጣም።

«ምን ማለት ነው አባየ?»

«የተራራ ጉም» አሉ። «የየኔታ ናት። የፍልሰታዋ። እንዲህ ነበር የምትነሣው።»

«ቀጥሎስ?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ነበር። «ሰባት ቤት ከግማሽ ይቀራታል» አሉ፣ ቁጥሩን ብቻ ያውቁታል። ከዚያም፣ «ያችን ጻፊያት። ቦታ ተይላት» አሉኝ።

ሁለቱን ቃላት አዲስ ገጽ ላይ ጻፍኋቸው፣ ከሥራቸው ሰባት መስመር ባዶ ተውሁ። ከዚህ ወዲያ ያለው ወረቀት ሁሉ የእሳቸው ነው፤ እኔ የምጽፍበት ሌላ እፈልጋለሁ።

ብዕሩን ላስቀምጥ ስል፣ «ቀን አግቢባት፣ በእኛ» አሉ።

ከባዶው ሥር ጳጉሜ 5 ብዬ ጻፍሁ።